ፌሮ ከኮንክሪት ጋር «ይያያዛል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው ፌሮን ከኮንክሪት ጋር የሚያያይዘው የሲሚንቶው ሙጫነት ብቻ ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ ይህ መጣበቅ ብረቱ ጥቂት እንደተንሸራተተ የሚላቀቅ ደካማ ኃይል ነው። ዋናውን ሸክም የሚይዙት በፌሮው ገላ ላይ የሚታዩት ጥርሶች ሲሆኑ፣ በዙሪያቸው የጠነከረውን ኮንክሪት ተደግፈው ብረቱ እንዳይሾልክ ያግዱታል። ቶንዲኖ የሚባለው ልሙጥ ፌሮ ጫፉ እንደ መንጠቆ የሚታጠፈውም ጥርስ ስለሌለው ነው። ሁለት ፌሮዎችን ለመቀጠል ጫፎቻቸው ሲደራረቡ የሚተወው ርዝመት፣ ለምሳሌ የዲያሜትሩ 50 እጥፍ ከታዘዘ ለባለ 12 ሚሊ ሜትር ፌሮ 60 ሳንቲ ሜትር፣ ኃይሉ በኮንክሪቱ በኩል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገርበት መንገድ እንጂ፣ አንዳንድ አሠሪ እንደሚያጉረመርመው የብረት ብክነት አይደለም፤ የማሰሪያው ሽቦማ ፌሮውን በቦታው ከማቆየት በቀር የሚሸከመው ጭነት የለም። ስስ ዝገት አያያዙን አይጎዳም፤ የሚረግፍ ቅርፊት፣ ጭቃና ዘይት ግን ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት መጽዳት አለባቸው።