አናርኪዝም በጭውውት

አናርኪዝም ሰው ያለ መንግሥትና ያለ አለቃ አብሮ መኖር ይችላል የሚል የፖለቲካ አስተሳሰብ ነው። ብዙዎች ስሙን ሲሰሙ ሁከትና ዝርፊያ ይታያቸዋል። አናርኪስቶች ግን ጠባቸው ከሥርዓት ጋር አይደለም፤ ከአዛዥ ጋር ነው።

ፈረንሳዊው ፒየር ጆዜፍ ፕሩዶን እ.ኤ.አ. በ1840 ራሱን አናርኪስት ብሎ ጠራ። ሩሲያውያኑ ባኩኒንና ክሮፖትኪን ተከተሉ። ሐሳቡን ወደ ተራ ሰው ወግ በማውረድ ግን ጣሊያናዊውን ኤሪኮ ማላቴስታን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። በ1884 በገበሬዎች ጭውውት መልክ አንድ ጽሑፍ አወጣ። በ1897 ደግሞ አንኮና ከተማ ተደብቆ ሳለ፣ ቡና ቤት ውስጥ የሚካሄድ ክርክር መጻፍ ጀመረ። እስርና ስደት እያቋረጡት በ1920 ጨረሰው።

ቡና ቤቱ ውስጥ አናርኪስቱን የሚሞግቱት ባለጸጋ፣ ዳኛና ባለሱቅ ናቸው። ደግነቱ ዳኛው ሞኝ ተደርጎ አልተሳለም፤ የምር ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ በንብረት ላይ ነው። ሠራተኛው የተቀጠረው ወዶ ነው ይባላል። አናርኪስቱ ይመልሳል፦ መሬቱም ፋብሪካውም በጥቂቶች እጅ ከሆነ፣ እምቢ ያለ ሰው ምን ይበላል? ለእሱ መንግሥት የዚህ ንብረት ዘበኛ ነው። ስለዚህ የግል ንብረቱም መንግሥቱም አብረው መወገድ አለባቸው።

ታዲያ ሥራው በማን ይመራል? በስምምነት። ሰዎች ወደው ይደራጃሉ፣ ተወካይ ይልካሉ፣ ካልተስማማቸው ይሽሩታል። አናሳው ለሥራው ሲል ለብዙኃኑ ሊተው ይችላል፤ በጉልበት ግን አይገደድም። ክሮፖትኪን በ1902 ባሳተመው ሥራው መረዳዳት እንስሳትንም ሰውንም ለህልውና እንደሚጠቅም ሞግቷል።

አስቸጋሪው ጥያቄ የወንጀለኛው ነው። ማላቴስታ አብዛኛው ወንጀል ከድህነት ይመጣል፣ ለቀረው ሕዝቡ ራሱን ይከላከላል ይላል። እኔን አላሳመነኝም። ራሱን ለመከላከል የተነሳው ቡድን ነገ ፖሊስ እንዳይሆን ማን ይከለክለዋል? እሱም አደጋው ገብቶታል፤ ቋሚ ኃይል እንዲቋቋም የማይፈልገው ለዚህ ነው።

«በትልቅ ከተማ አይሠራም» ለሚለው ደግሞ ባርሴሎና ትጠቀሳለች። በ1936 የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ሲጀመር የትራም ሠራተኞች በማኅበራቸው አማካይነት አገልግሎቱን ራሳቸው ማስኬድ ጀመሩ። በ1939 የአማፂው ጄኔራል ፍራንኮ ጦር ከተማዋን ሲይዝ ሙከራው አበቃ።