የመሬት ውስጥ መስመሮችና የመንገድ ሥራ በደብረ ብርሃን

ደብረ ብርሃን የሰሜን ሸዋ ዞን መዲና ናት። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በደሴ መንገድ ላይ ትገኛለች። የቆረቆሯት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ለብዙ መቶ ዓመታት የሚቀበር ቧንቧም ኬብልም አልነበራትም።

ከተማዋ በ1999 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ፣ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ አገኘች። የቢራ ፋብሪካዎችም መጡ። ሁሉም ውሃ፣ መብራትና ስልክ ይፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው የኮሪደር ልማት ወደ ክልል ከተሞች ሲወጣ ደግሞ ቁፋሮው የእግረኛ መንገድ ውስጥ ገባ። ጣጣው ያለው እዚያ ነው። የውሃ ቧንቧ፣ የቴሌ ፋይበርና የጎርፍ ቱቦ በዚያች ጠባብ መሬት ይጋፋሉ። መብራት በአብዛኛው በምሰሶ ስለሚሄድ ችግሩ ቢያንስ በዓይን ይታያል።

የድሮ መስመር ካርታው ብዙ ጊዜ የሚገኘው በአንጋፋ የውሃ ሠራተኞች ጭንቅላት ውስጥ ነው። እነሱን ሳይጠይቁ ኤክስካቫተር ማስገባት ድፍረት ነው። ከማሽኑ በፊት የሙከራ ጉድጓድ በዶማና በአካፋ ይቆፈራል። ቧንቧው ብቅ ሲል ጥልቀቱና ከአጥሩ ያለው ርቀት ተለክቶ ፕላኑ ላይ ይሰፍራል። የኬብል መፈለጊያ መሣሪያ ብረት ያለውን መስመር ያገኛል፤ ፕላስቲክ ቧንቧን ግን አብሮት ሽቦ ካልተቀበረ አያየውም።

መረሬው አፈርም የራሱ አመል አለው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። በደንብ ሳይጠቀጠቅ የተሞላ ቦይ ይሰምጥና የላዩን ንጣፍ ይዞት ይወርዳል።

በሕጉ በኩል አዋጅ ቁጥር 857/2006 የፌዴራል መሠረተ ልማቶች ተቀናጅተው እንዲሠሩ የሚያስተባብር ኤጀንሲ አቋቁሞ ነበር። የመሬት ማስለቀቅ አዋጁ ቁጥር 1161/2011 ደግሞ ለሚነሳ መስመር ካሳ እንዲከፈል ይደነግጋል። መስመሩን የማንሳቱ ሥራ ሲዘገይ ጥፋቱ የማን ነው በሚለው ግን ስምምነት የለም። ተቋራጩ የመስመሩን ባለቤት ይወቅሳል። ባለቤቱ ደግሞ «ክፍያው ዘገየ» ይላል፤ እውነቱ መሀል ላይ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ሁሉ የከተማችን ኮብልስቶን ባለውለታ ነው። ድንጋዩ ተነቅሎ ዳር ይከመራል፣ ቧንቧው ይጠገናል፣ ያው ድንጋይ ተመልሶ ይነጠፋል። አስፋልት ይህን አይፈቅድም፤ አንዴ ከተቆረጠ የተጠገነበት ቦታ ይታወቃል። ስለዚህ አስፋልት ከመነጠፉ በፊት መሻገሪያዎች ላይ ባዶ ቱቦ ይቀበራል፣ ነገ የሚመጣው ኬብል በእሱ ያልፋል።