ማዕከላዊ፦ የእምነት ቃል የሚፈለግበት ግቢ

አዲስ አበባ ፒያሳ አካባቢ ያለው ማዕከላዊ በወረቀት ላይ የፌዴራል ፖሊስ የወንጀል ምርመራ ማዕከል ነበር። ሕዝቡ ግን ስሙን ሲጠራ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር። "እገሌ ማዕከላዊ ገባ" ከተባለ ቤተሰብ ወንጀሉ ምንድን ነው ብሎ ጊዜ አያጠፋም፤ ስንቅ ቋጥሮ ወደ በሩ ይሮጣል።

ግቢውን ደርግም ኢሕአዴግም ተጠቅመውበታል። በደርግ ጊዜ ወፌ ላላ የሚሉት ግርፋት ነበር፤ እስረኛው እጅና እግሩ ተጠፍሮ በእንጨት ላይ ይንጠለጠልና ውስጥ እግሩ ይገረፋል። በዚያ ዘመን በእስር ቤቶች ደጃፍ እናቶች የሚፈሩት ነገር ቢኖር ያመጡት ስንቅ ተመልሶ መሰጠቱ ነው። "ከእንግዲህ አታምጪ" ማለት ልጅሽ ተገድሏል ማለት ነበር።

በኢሕአዴግ ጊዜ የክፍሎቹን ስም ያወጡት እስረኞቹ ራሳቸው ናቸው። ጨለማ ቤት ብርሃን የማይገባበት፣ ሽንት ቤት በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ የሚፈቀድበት ነበር። ጣውላ ቤት ቁንጫ የወረረው ነበር። ትንሽ የሚሻለው፣ ምርመራው ያበቃለት የሚዛወርበት ደግሞ ሸራተን ተባለ፤ በቅንጦት ሆቴሉ ስም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ የቀድሞ እስረኞች በጥፊ፣ በእርግጫ፣ በዱላና በሰደፍ መደብደባቸውን፣ እጃቸው ከጭንቅላታቸው በላይ ታስሮ መቆየታቸውን ተናግረዋል። መርማሪው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፦ ፊርማ ያለበት የእምነት ቃል።

ይህ ሁሉ የተፈጸመው ሕግ በሌለበት አገር ቢሆን ኖሮ ለማስረዳት ይቀል ነበር። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 ማንም ሰው በማስገደድ እንዲያምን አይደረግም፣ በዚህ መንገድ የተገኘ ማስረጃም ተቀባይነት የለውም ይላል። አንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በቤተሰቡና በጠበቃው እንዲጎበኝ ይፈቅዳል። በ2001 የወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ግን ለፖሊስ በየጊዜ ቀጠሮው ቢያንስ 28 ቀን፣ በድምሩ እስከ አራት ወር ሰጠው። በእኔ እምነት ዋናው መሣሪያ ዱላው ሳይሆን ይህ ጊዜ ነበር፤ ሰው ጠበቃ ሳያገኝ አራት ወር በተዘጋ ክፍል ከተቀመጠ የሚፈርመው ብዙ ነው።

በሚያዝያ 2006 የተያዙት ስድስቱ የዞን 9 ጦማሪዎችና ሦስቱ ጋዜጠኞች ያለ ክስ የቆዩት እዚሁ ነው። የጦማሩ ስም ራሱ ከእስር ቤት የመጣ ነው፤ ቃሊቲ ስምንት ዞን ስላለው፣ ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለው አገር ነው ለማለት ነበር። ክስ የተመሠረተባቸው በሐምሌ ነው። ከአንድ ዓመት በላይ ታስረው አንዳንዶቹ ክሳቸው ተቋረጠ፤ ሌሎቹም በሽብር ከቀረበባቸው ክስ ነጻ ተባሉ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ማዕከላዊ ተዘግቶ ሙዚየም እንደሚሆን ያሳወቁት በታኅሣሥ 2010 ነው። የቀሩት እስረኞች ግን ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ ወደ አዲስ አበባ ፖሊስ እስር ቤት ተዛወሩ። በኅዳር 2011 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ አዲስ አበባ ውስጥ ሰባት ስውር እስር ቤቶች እንደነበሩ ገለጹ። የማዕከላዊ ግቢ በዚያው ዓመት ጳጉሜን ለጎብኚ ሲከፈት፣ ከየቤቱ ስንቅ ይዞ ደጁ ላይ የቆመ ሁሉ ባላየው ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው በነጻነት ገብቶ ወጣበት።