አንጻራዊ እርጥበት ምንድን ነው?

«ጭድ መሻገቱ አይቀርም፤ ኮርኒስ ላይ ከማስቀመጥህ በፊት በፕላስቲክ ጠቅልለው» የሚል፣ ቤቱን ከብርድ ለመከላከል ኮርኒስ ላይ ጭድ ለሚያነጥፉ የተሰጠ ምክር ሰሞኑን ደግሜ አነበብሁ። በዚህ ምክር የተሠራ ኮርኒስ ፒያሳ ውስጥ ሲከፈት አይቻለሁ፤ ፕላስቲኩ ከውስጥ በኩል ጠብታ አዝሏል፣ ጭዱ ጠቁሮ እርስ በርሱ ተጣብቋል።

የሻጋታ ዘር በየትም አየር ውስጥ አለ፤ የሚጠብቀው እርጥበትን ነው። ምክር ሰጪው የሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ እርጥበቱ ከጭዱ የሚመነጭ ይመስለዋል። አንጻራዊ እርጥበት፣ አየሩ ባለበት ሙቀት ሊይዝ ከሚችለው የውሃ ተን ምን ያህሉን እንደያዘ በመቶኛ ይነግረናል። ሙቀቱ ከተለወጠ መቶኛውም ይለወጣል። 20 ዲግሪ በሆነ ሳሎን 60 በመቶ የነበረ አየር፣ ምንም ውሃ ሳይጨመርበት፣ 12 ዲግሪ የደረሰ ቆርቆሮ ሥር ሲገባ 100 በመቶ ይደርሳል፤ ተኑም ወደ ጠብታነት መለወጥ ይጀምራል። በነሐሴ ሌሊት አራዳ ውስጥ እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ የተለመደ ነው። ጭዱ አጠገብ ያለው አየር ለሳምንታት ከ80 በመቶ በላይ ከቆየ ደግሞ ሻጋታው ይጀምራል።

ትኩስ እንጀራ በፌስታል ቋጥሮ ያሳደረ ሰው ይህን ያውቀዋል። እንጀራው በመጀመሪያ ሰፌድ ላይ ይበርዳል፣ ከዚያ ከሣር በተሰፋ መሶብ ይቀመጣል፤ መሶቡ ተኑን ያስወጣለታል። ጭድም እንዲሁ ነው፦ ደርቆ ይግባ፣ ተኑም መውጫ ይኑረው። መሶብ ዝናብ ላይ እንደማይቀመጥ ሁሉ፣ በሚያፈስ ቆርቆሮ ሥርም ጭድ አይነጠፍም።

በብርዳማ አገሮች በሞቃቱ ወገን፣ ማለትም በቤቱ ውስጥ በኩል፣ የተን መከላከያ ሽፋን ይዘረጋል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ሽፋኑ በአንድ ወገን ብቻ ነው፣ መጋጠሚያውም በጥንቃቄ ይታሸጋል። ጭዱን ከአራቱም ማዕዘን ከመጠቅለል ጋር አይገናኝም።

ይኸው ስሕተት በጭቃ ቤት ግድግዳም ይደገማል። በሲሚንቶ የተለሰነ አሮጌ የጭቃ ግድግዳን በጣታችሁ አንኳኩ፤ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከጭቃው ተላቋል፤ ከጀርባውም ብዙ ጊዜ እርጥብ ጭቃ ይገኛል። የኖራ ልስን ተኑን ያሳልፋል፤ የግድግዳው እግር ግን በድንጋይ ከመሬት ከፍ ካላለ ኖራም አያድነውም።

የጭዱን እርጥበት የምትለኩ ሰዎች፣ ለእንጨት የተሠራ መለኪያ በጭድ ላይ የሚሰጠውን ቁጥር በቀጥታ አትመኑት። ጭዱ ሲገባ እርጥበቱ ከክብደቱ 15 በመቶ በታች ቢሆን ይመረጣል፤ ከ20 በላይ ከሆነ መልሳችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት። ሻጋታን የሚከላከል ቦራክስ የተባለ ነጭ የማዕድን ዱቄት መርጨትም ይረዳል፤ ውሃ ካገኘው ግን ታጥቦ ይሄዳልና በመጀመሪያ ቆርቆሮውን አስጠግኑ።