ሩት አልባ ኮንቴይነር ምንድን ነው?

ኮንቴይነር ሲባል ትልቁ ሰርቨር ውስጥ የተቀመጠ ሌላ ትንሽ ኮምፒውተር የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ኮንቴይነር በዚያው በሰርቨሩ ከርነል (በኦፕሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) ላይ የሚሠራ ተራ ፕሮሰስ፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም፣ ነው፤ ከሌሎቹ የሚለየው ከርነሉ አጥር ስላጠረለት ነው። ኔምስፔስ የትኛውን ፋይል፣ የትኛውን ኔትወርክና የትኛውን ተጠቃሚ ማየት እንደሚችል ይወስንለታል፤ ሲግሩፕ ደግሞ ምን ያህል ሜሞሪና ሲፒዩ እንደሚደርሰው። ጥያቄው የሚነሳው አጥሩ ከተጣሰ ነው፦ ፕሮሰሱ ወደ ሰርቨሩ ሲወጣ ማን ሆኖ ይወጣል? ሩት፣ ማለትም ሁሉ የተፈቀደለት የሲስተሙ አስተዳዳሪ፣ ሆኖ ከወጣ ሰርቨሩ በሙሉ የእሱ ነው። ሩት አልባ ኮንቴይነር የሚባለው ተራ ተጠቃሚ የሚያስነሳው፣ ውስጡ ሲታይ ሩት ቢመስልም ውጭ ላይ ከዚያ ተጠቃሚ መብት የማያልፍ ኮንቴይነር ነው።

ኮንቴይነር ለማስነሳት በሰፊው የሚታወቀው መሣሪያ ዶከር ነው። በተለመደው አጫጫኑ ከጀርባ ሁልጊዜ የሚሠራ፣ ዴመን የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የሚሠራውም በሩት መብት ነው። አንድን ሠራተኛ «ዶከር» ግሩፕ ውስጥ ማስገባት የሩት ፓስወርድ ከመስጠት አይለይም፤ ሰውየው የሰርቨሩን ዲስክ በሙሉ ከኮንቴይነር ጋር አገናኝቶ የፈለገውን መቀየር ይችላልና። ዶከርም ሩት አልባ አሠራር አለው፤ ሆኖም በነባሪ የሚመጣው እሱ አይደለም። በ2019 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 8 የዶከርን ፓኬጅ ትቶ ፖድማን የሚባለውን ተመሳሳይ መሣሪያ ይዞ መጣ። ፖድማን ዴመን የለውም፤ ትእዛዙን የሰጠው ተጠቃሚ ራሱ ኮንቴይነሩን ያስነሳል። የዶከር ትእዛዞች አብዛኞቹ «ዶከር» የሚለው ቃል በ«ፖድማን» ተተክቶ እንዳሉ ይሠራሉ።

ሊኑክስ እያንዳንዱን ተጠቃሚ የሚያውቀው በቁጥር ነው፤ ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚህ ቁጥር ልወጣ ላይ ነው። የሲስተሙ ቅንብሮች በሚቀመጡበት ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ «ሰብዩአይዲ» እና «ሰብጂአይዲ» የሚባሉ ሁለት ፋይሎች አሉ። አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር በየፋይሉ አንድ መስመር ይጻፍለታል፤ ብዙውን ጊዜ ከ100000 የሚጀምሩ 65536 ቁጥሮች ይመደቡለታል። ኮንቴይነሩ ውስጥ ያለው ቁጥር 0፣ ማለትም ሩት፣ ውጭ ላይ ተጠቃሚው ራሱ ነው። ውስጥ 1 የሆነው ውጭ 100000፣ ውስጥ 2 የሆነው 100001 እያለ ይቀጥላል። ይህን ስሌት የያዘ ሰው ቀጥሎ የሚመጡትን ስህተቶች ግማሹን በራሱ ይፈታል።

ምሳሌ እንዲሆነን የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር ከጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበስብበትን ዲኤችአይኤስ 2 እንውሰድ። ሁለት ኮንቴይነር ይፈልጋል፦ አንዱ ፖስትጂአይኤስ (የካርታ መረጃ ማስተናገጃ) የተጨመረበት ፖስትግሬስ ዳታቤዝ፣ ሌላው በፖርት (በኔትወርክ በር) ቁጥር 8080 የሚያዳምጠው አፕሊኬሽኑ።

መጀመሪያ ፖድማንን በዲኤንኤፍ፣ በሬድ ሃት የፕሮግራም መጫኛ ትእዛዝ፣ እንጭናለን። ቀጥሎ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ተጠቃሚ እንፈጥራለን። ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። የአገልግሎት ተጠቃሚ ነው ብለው «የሲስተም ተጠቃሚ» አድርገው ይፈጥሩታል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ተጠቃሚ የሰብዩአይዲ መስመር አይጻፍም። ከአክቲቭ ዳይሬክቶሪ (ከመሥሪያ ቤቱ ማዕከላዊ የተጠቃሚዎች መዝገብ) ለሚመጣ ተጠቃሚም እንዲሁ። ውጤቱ የሚታየው ኢሜጁን (ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን የፋይል ጥቅል) ስናወርድ ነው፤ ፖድማን በቂ የተጠቃሚ ቁጥር የለም ብሎ ያቆማል። መፍትሔው «ዩዘርሞድ» በሚባለው ትእዛዝ ከማንም ጋር የማይደራረብ የቁጥር ክልል መስጠትና፣ በዚያው ተጠቃሚ ሆኖ «ፖድማን ሲስተም ማይግሬት» ማለት ነው። የኋለኛው ከተረሳ ፖድማን የድሮውን ልወጣ እንደያዘ ሊቀጥል ይችላል።

ወደዚህ ተጠቃሚ ስንገባ ተጠቃሚ በሚቀይረው ትእዛዝ በ«ኤስዩ» ሳይሆን በኤስኤስኤች (ከሩቅ መግቢያው) ወይም በ«ማሽንሲቲኤል ሼል» እንግባ። በኤስዩ ስንገባ ትክክለኛ የሎግኢን ሴሽን አይከፈትም፤ ስለዚህ ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሳውና የሚያቆመው የሊኑክስ ፕሮግራም) የተጠቃሚውን አገልግሎት አስነሳ ሲባል መገናኘት አልቻልኩም ይላል።

ከዚያ ኔትወርክ እንፈጥራለን። ይህን እርምጃ መዝለል አያዋጣም፦ በራሳችን በፈጠርነው ኔትወርክ ላይ ኮንቴይነሮቹ በስም ይጠራራሉ፤ በነባሪው ላይ አይጠራሩም። አፕሊኬሽኑ «ዳታቤዙን አላገኘሁም» ካለ በቅድሚያ የሚታየው ይህ ነው።

አሁን ወደ ፋይሎቹ። ዳታቤዙ ዳታውን የሚያስቀምጥበት ፎልደር ከሰርቨሩ ይገናኛል። በፖስትግሬስ የዴቢያን ኢሜጅ ውስጥ ዳታቤዙ የሚሠራው በተጠቃሚ ቁጥር 999 ነው። ክልላችን ከ100000 ከጀመረ ሰርቨሩ ላይ የፋይሎቹ ባለቤት 100998 ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ አስተዳዳሪ ተበላሸ ብሎ ባለቤትነቱን ወደ ሩት ሲቀይረው ዳታቤዙ በሚቀጥለው ጊዜ አይነሳም። ባለቤትነት መቀየር ካስፈለገ «ፖድማን አንሼር» ከሚለው ጋር አያይዘን ውስጡ ባለው ቁጥር፣ በ999፣ እንቀይራለን፤ ልወጣውን ፖድማን ይሠራዋል። ባክአፕም ፋይሉን በመቅዳት ሳይሆን ኮንቴይነሩ ውስጥ «ፒጂ ደምፕ»ን በማስሮጥ ይወሰድ፤ ዳታቤዙ እየጻፈ ሳለ የተቀዳ ፋይል ሲመለስ ላይነሳ ይችላል።

ባለቤትነቱ ትክክል ሆኖም «ፈቃድ ተከልክሏል» የሚል መልስ ከመጣ የከለከለው ኤስኢሊኑክስ፣ ማለትም የሊኑክስ ተጨማሪ የጥበቃ ሥርዓት፣ ነው። በሬድ ሃት ላይ ኮንቴይነር ሊነካ የሚችለው የኮንቴይነር መለያ የተለጠፈበትን ፋይል ብቻ ነው። ፎልደሩን ስናገናኝ መጨረሻው ላይ ሁለት ነጥብና ትልቁን ዜድ ብንጨምር ፖድማን ለዚያ ኮንቴይነር ብቻ የሚሆን መለያ ይለጥፋል፤ ትንሹ ዜድ ደግሞ ፎልደሩን ብዙ ኮንቴይነሮች እንዲጋሩት ነው። ኢንተርኔት ላይ በብዛት የሚሰጠው ምክር ኤስኢሊኑክስን ማጥፋት ነው። እባካችሁ አታጥፉት፤ አጥሩ ሲጣስ የሰው የጤና መረጃ በሰርጎ ገብ እጅ እንዳይገባ የሚከለክለው ሁለተኛው ዘብ እሱ ነው። ትልቁን ዜድ ግን ለሥራው ብቻ በተፈጠረ ፎልደር ላይ እንጂ በሆም (በተጠቃሚዎች የግል ፎልደር) ወይም በኢቲሲ ላይ መጠቀም ሰርቨሩን ያውካል፤ የነበረውን መለያ በሙሉ ይደመስሳልና።

በፖርት በኩል ተራ ተጠቃሚ ከ1024 በታች መክፈት አይችልም፤ 80 ወይም 443 ብንል ይከለከላል። የሚሻለው 8080ን በ127.0.0.1 (ከሰርቨሩ ውጭ በማይደረስበት አድራሻ) ላይ ብቻ ከፍቶ፣ ሰርቨሩ ላይ ከፊት ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፈውን ኤንጂንኤክስን ማስቀመጥ ነው። ኤንጂንኤክሱ 502 (ከኋላ ያለውን አላገኘሁም የሚል ስህተት) ካሳየና ኮንቴይነሩ ጤነኛ ከሆነ፣ «ኤችቲቲፒዲ ካን ኔትወርክ ኮኔክት» የሚለው የኤስኢሊኑክስ ማብሪያ አልበራም ማለት ሊሆን ይችላል። ፋየርዎል ላይ ኤችቲቲፒኤስ ብቻ ይከፈት። የዳታቤዙን ፖርት 5432 ጨርሶ ወደ ሰርቨሩ ማውጣት አያስፈልግም፤ አፕሊኬሽኑ በውስጥ ኔትወርክ ያገኘዋል።

ሁሉም ሠርቶ ማታ ከኤስኤስኤች ስንወጣ ሲስተሙ ቢዘጋ አይግረመን። ሲስተምዲ አንድ ተጠቃሚ ሲወጣ የእሱን ፕሮሰሶች ይዘጋል። «ሎግኢንሲቲኤል ኢኔብል ሊንገር» ብለን የተጠቃሚውን ስም ስንሰጠው ባይገባም እንዲቆዩለት፣ ሰርቨሩ ሲነሳም እንዲነሱ ያደርጋል። ኮንቴይነሮቹ ራሳቸው እንዲነሱ ደግሞ ኳድሌት የሚባለውን እንጠቀማለን፦ በተጠቃሚው ሆም ውስጥ ባለው የኮንቴይነርስ ሲስተምዲ ፎልደር ላይ ኢሜጁን፣ ፖርቱን፣ ፎልደሩንና ኔትወርኩን የሚገልጽ አጭር ፋይል እንጽፋለን፤ ሲስተምዲ ከዚያ አገልግሎት ያመነጫል። ከፖድማን 4.4 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። በኳድሌት የመነጨ አገልግሎት «ኢኔብል» አይባልም፤ ፋይሉ ውስጥ በኢንስቶል ክፍል «ዲፎልት ታርጌት» ተብሎ ይጻፍለታል።

ቦታም ይታሰብበት። ሩት አልባ ኢሜጆች የሚቀመጡት ቫር በሚባለው የሲስተሙ ፎልደር ላይ ሳይሆን በተጠቃሚው ሆም ውስጥ ነው፤ ሆም በኔትወርክ ዲስክ ላይ ከሆነ ደግሞ ችግር አለ፤ ኤንኤፍኤስ የሚባለው የኔትወርክ ዲስክ አሠራር እነዚያን የተለወጡ ቁጥሮች አያውቃቸውም። ኢንተርኔት ቀርፋፋ ወይም ዝግ በሆነበት ቢሮ ኢሜጁን ሌላ ቦታ አውርዶ «ፖድማን ሴቭ» ብሎ በፍላሽ ማምጣትና «ፖድማን ሎድ» ማለት ይቻላል። ሎድ የሚደረገው ግን በዚያው በአገልግሎቱ ተጠቃሚ ነው፤ በሩት የተጫነ ኢሜጅ ለእሱ አይታየውም።

ሥራው አለቀ ከማለታችን በፊት ሰርቨሩን አጥፍተን እናስነሳው፤ ማንም ሳይገባ ገጹ ከሌላ ኮምፒውተር ካልተከፈተ በቅድሚያ ሊንገሩን፣ ቀጥሎ የኳድሌቱን የኢንስቶል ክፍል እንመልከት።