ዜናን መመጠን ወገንን መርሳት አይደለም

«ዜና የማይከታተል ሰው ለወገኑ ግድ የለውም።» በምክር አገልግሎት ሥራዬ ይህን ያህል ደጋግሜ የሰማሁት፣ ይህን ያህልም የታከተኝ አባባል የለም። የሚያሳዝነው፣ አባባሉን የሚደግሙልኝ ለወገናቸው በእርግጥ የሚያስቡት፣ እንቅልፍ አጥተውና እህል አልወርድ ብሏቸው ወደ እኔ የሚመጡት ሰዎች መሆናቸው ነው። ስልካችሁን ለሁለት ሰዓት ያህል አስቀምጡት ስላቸው ክዳት የጠየቅኋቸው ያህል ይደነግጣሉ።

ስህተቱ ስለ ወገን ማሰብንና ስለ ወገን የተለቀቀውን ሁሉ ማየትን አንድ አድርጎ መያዙ ነው። በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ምክር ፍለጋ ትመጣ የነበረች አንዲት እናት፣ ታናሽ ወንድሟ ስልክ በተቋረጠበት አካባቢ ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብርድ ልብሷን ተከናንባ፣ ልጆቿ እንዳይነቁ የስልኩን ድምፅ አጥፍታ፣ በቴሌግራም የሚለቀቁ የአስከሬን ፎቶዎችን በጣቷ እያጎላች ልብሳቸውን ትመረምር ነበር፤ የምትፈልገው ወንድሟ ሲለያዩ ለብሶት የነበረውን ቡናማ ሹራብ ነው። ይህን ለወራት አደረገች። ከእነዚያ ፎቶዎች ስለ ወንድሟ አንዳች ነገር አላገኘችም፤ በሕይወት መኖሩን የሰማችው መስመሩ ሲከፈት፣ ከራሱ አንደበት ነበር። እሷን አልወቅስም፤ የምወቅሰው ያንን ሥቃይ የፍቅር መለኪያ ያደረገባትን አባባል ነው።

ለወንድሟ የሚጠቅም ነገር ማድረግ አልቻለችም ነበር ማለት ግን አይደለም። ከአካባቢው የወጡ ሰዎችን አፈላልጎ መጠየቅ፣ የተለያዩ ቤተሰቦችን በማፈላለግና በማገናኘት ሥራ ላይ ወደተሰማራው ቀይ መስቀል ሄዶ ማመልከት፣ ከዘመድ አንዱን ሰው መርጦ አዲስ ነገር ሲኖር ብቻ እንዲደውል ማድረግ ይቻላል። የቀረውን ዜና በተወሰነ ሰዓት መከታተል ይበቃል። የዓለም ጤና ድርጅትም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ዓለምን ባስጨነቀበት ጊዜ የመከረው ይህንኑ ነበር፤ መረጃን ሰዓት ወስኖ፣ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ መከታተል። አባቴ የምሽቱን የሁለት ሰዓት ዜና አዳምጦ ሲያበቃ ቴሌቪዥኑን ይዘጋ ነበር፤ ስለ አገሩ ግድ የለውም ያለው ሰው ግን አልነበረም።

«በስክሪን ያየሁት ምን ያደርገኛል፤ የተጎዱት እዚያ ያሉት ናቸው» የሚሉኝ ደግሞ በተለይ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቼ ናቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ4,600 በላይ አሜሪካውያንን ጠይቀው ነበር። በቀጣዩ ሳምንት ስለ ፍንዳታው በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የተከታተሉ ሰዎች፣ በቦታው ከነበሩት እንኳን የባሰ የጭንቀት ምልክት ታይቶባቸዋል። ቀድሞውኑ የተጨነቀ ሰው ብዙ ያያል ብለው የሚከራከሩ ይኖሩ ይሆናል፤ ቢሆንም ርቀት ከለላ እንዳልሆነ ውጤቱ በግልጽ ያሳያል። ዋሽንግተን ሆኖ የገጠር መንደሩን ቃጠሎ በአንድ ሌሊት ሃያ ጊዜ የተመለከተ ሰው ልቡ ቢመታና እጁ ቢንቀጠቀጥ ሊያፍርበት አይገባም።

«ልጆች አይገባቸውም» ይባላል። ወሬው ባይገባቸው የወላጆቻቸው ፊት ይገባቸዋል።

«ተናግሬ ይውጣልኝ» የሚለውም እውነት አይደለም። ብራድ ቡሽማን የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ ያስቆጣቸውን ሰው እያሰቡ የቡጢ መለማመጃ ከረጢት የመቱ ተማሪዎች፣ ምንም ሳያደርጉ ከተቀመጡት ይበልጥ ተናደው ተገኝተዋል። ጮኾ መከራከርም ንዴቱን ሲያበርደው አላየሁም።

ከፖለቲካ ወሬ ስለ መሸሽ ሁለት ተቃራኒ ስህተቶች አሉ። አንደኛው ወገን «ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ» ብሎ ለዘላለም አፉን ይዘጋል፤ ሌላው ዝም ያለውን ሁሉ ፈሪ ይለዋል። አንድን ወሬ በአንድ ቦታ፣ ከአንድ ሰው ጋር አለማውራት አቋም ማጣት አይደለም። በአንድ ለቅሶ ቤት፣ በሦስተኛው ቀን፣ ሁለት የሥጋ ዘመዶች ድንኳኑ ውስጥ ስለ ክልል ወሰን ሲጯጯሁ ባሏ የሞተባት ሴት ከመደቧ ተነሥታ ወደ ጓዳ ስትገባ አይቻለሁ። በዚያ ሰዓት ዝም ማለት ፍርሃት ነው የሚለኝ ካለ አልስማማም።

አንድ ወጣት በየእሑዱ ቡና ላይ ከአጎቱ ጋር እየተጋጨ፣ እናቱን እስከ ማስለቀስ ደርሶ ነበር። «እርስዎ አይገባዎትም» ማለቱን ትቶ፣ በአክብሮትና ሳያቅማማ እንዲህ እንዲል ተለማመድን፦ «ጋሼ፣ ይህን ወሬ ከእርስዎ ጋር አላወራም፤ እርስዎን ማስቀየም አልፈልግም። ይልቅ ስኳርዎን ተለኩ?» የመጀመሪያውን እሑድ አጎቱ አኩርፈው ቡናውን ሳይጠጡ ሄዱ። በሁለተኛው ወሬውን ሁለት ጊዜ ጀመሩት፤ እሱም ያንኑ መለሰላቸው። በሦስተኛው፣ አቦሉ ሲቀዳ፣ ከወር በላይ እንዳልተለኩ ነገሩት፤ ሰኞ ጠዋት አብሯቸው ጤና ጣቢያ ሄደ።