«ፓርቲ የለኝም» ያሉ መራጮች ለምን ይታለፋሉ?

የአሜሪካ ዜግነት አግኝተን የመራጭነት ፎርም ስንሞላ፣ ፓርቲ የሚለው ጥያቄ ላይ የብዙዎቻችን እጅ ይቆማል። «ፖለቲካ በሩቁ» ብለን «ፓርቲ የለኝም» የምትለዋ ላይ ምልክት እናደርጋለን። ሜሪላንድ ውስጥ ይቺ ምልክት ዋጋ ታስከፍላለች።

የሜሪላንድ ፕራይመሪ፣ ማለትም ፓርቲዎች ለኖቬምበሩ ዋና ምርጫ ዕጩዎቻቸውን የሚለዩበት ቅድመ ምርጫ፣ ዝግ ነው። የዴሞክራቶችን ዕጩ የሚመርጡት በዴሞክራትነት የተመዘገቡ ብቻ ናቸው፤ የሪፐብሊካኖቹም እንዲሁ። እንደ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለ የዴሞክራቶች ሰፈር ደግሞ የስቴት ምክር ቤት ወንበር የያዘን ሰው መገዳደር የሚቻለው እዚያው ፕራይመሪው ላይ ነው። ኖቬምበር ሲደርስ ነገሩ ያለቀለት ነው። ስለዚህ ተፎካካሪው ድምፅ ለመጠየቅ በር ሊያንኳኳ ሲወጣ የማን ፓርቲ ምን እንደሆነ የሚያሳይ፣ ከመራጮች መዝገብ የተወሰደ ዝርዝር ይዞ ነው። ፓርቲ ከሌላችሁ ጎረቤታችሁን አናግሮ እናንተን ሊያልፋችሁ ይችላል። ሐሳባችሁን ብትቀይሩ እንኳ የፕራይመሪው ዕለት ፓርቲ መቀየር አይቻልም፤ ቀድሞ መጨረስ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፦ አብዛኛው የምርጫ ወረዳ ወደ ስቴቱ ምክር ቤት 3 ተወካዮች ይልካል። ነባሮቹ ብዙ ጊዜ ተጣምረው ይወዳደራሉ። እስከ 3 ሰው መምረጥ ትችላላችሁ፤ ሦስቱንም መሙላት ግን ግዴታ አይደለም።

የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ቨርጂኒያ ግን በፓርቲ መመዝገብ የሚባል ነገር የለም። የአሌክሳንድሪያ ዘመዳችሁ «እኔ ዝም ብዬ ሄጄ ነው የመረጥኩት» ቢላችሁ እውነቱን ነው፤ የእሱ ሕግ ግን እናንተ ጋ አይሠራም።